ጠላን በጠርሙስ ማክረም ይቻላልን?

በበዓል ማግስት በየቤታችን የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። እንግዳው ተሸኝቶ፥ ድንኳኑ ተነቅሎ፥ ዕቃው ከታጠበ በኋላ በጋኑ ወገብ ላይ የቀረው ጠላ «ምን ይደረግ?» ያሰኛል። ጋኑ በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ሳምንት ሲሞላው ከአተላው ጋር ለከብት ይሄዳል። ያን ጊዜ ከቤተ ሰቡ መካከል ፊደል የቆጠረው ልጅ «ፈረንጆች ቢራቸውን በጠርሙስ አሽገው ዓመት ያቆዩት የለምን? እኛስ ጠላችንን እንዲሁ ብናሽገው ምን ይለዋል?» ይላል። እናቱም «አይ ልጄ፤ ጠላ ታስሮ አይቀመጥም» ትለዋለች። ልጁ እርሱ ሳይንስን፥ እናቱ ግን ልማድን ብቻ የያዙ ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህ ክርክር ውስጥ የእናቲቱ ነጥብ ስንት፥ የልጁስ ስንት እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ እርሾ ምን አገባው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ጠላ የአንድ ፋኩልቲ ርስት አይደለም። ሠርግና ተዝካር፥ ማኅበርና ደቦ ያለ ጠላ አይታሰቡም። ከዚያም በላይ ጠላ ጠምቃ፥ ሸጣ፥ ልጆቿን የምታስተምር እናት በየከተማው ብዙ ናት። ለእርሷ አንድ ጋን ኮመጠጠ ማለት እህሉ፥ ጌሾው፥ ማገዶውና የብዙ ቀን ድካሟ ፈሰሰ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ደብተር የተገዛለት ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም። ስለዚህ መጠጥ ለምን እንደሚከርምና ለምን እንደሚበላሽ ማወቅ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ነገሩን በአጭር ቃል ለመናገር ያህል፥ ጠርሙስ ጠባቂ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ጤናማ ሆኖ የገባውን መጠጥ ይጠብቃል፤ በሽታውን ይዞ የገባውን ግን አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ያብስበታል። የመጠጡ ዕድሜ የሚወሰነው ቆርኪው ሲገጠም ሳይሆን ከዚያ በፊት፥ በምጣዱ፥ በድስቱና በጋኑ ውስጥ ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ጠላ እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጠላ ጠማቂ ጋኗን በግራዋ አጥባ፥ በወይራ ጭስ ታጥናለች። ቀጥሎ የተወቀጠውን የጌሾ ቅጠል በውሃ ትጠነስሳለች። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ሲሰነብት የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ትጨምርበታለች። ከዚያም በምጣድ የታመሰውን እንኩሮ ከጌሾው እንጨት ጋር አግብታ ድፍድፍ ታደርገዋለች። ድፍድፉ ሲበስል በውሃ በጥብጣ፥ የጋኑን አፍ ከድና፥ በጭቃ ትመርገዋለች። አሠራሩ ከአገር አገር፥ ከቤት ቤት ቢለያይም የነገሩ አካሄድ ይህ ነው። እንደዚህ የተጠመቀ ተራ ጠላ በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ አልኮል ይኖረዋል። በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ የሚጠለለው ፊልተር የሚባለው ጠላ ከዚህ ይበረታል፤ ከድፍድፉ ላይ ውሃ እየተጨመረ በኋላ የሚቀዳው ቅራሪ ደግሞ እጅግ ይለዝባል።

አንባቢ ልብ ይበል። ቂጣውና እንኩሮው እሳት አይተዋል። ጌሾውና ብቅሉ ግን የሚገቡት ሳይፈሉ ነው። በእነርሱ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ብዙ ረቂቃን ሕያዋን ይኖራሉ። አንዱ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ከእርሱ ጋር ግን እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ከእነርሱ የሚገኝ ባክቴሪያዎች አብረው ይገባሉ። እንዲሁም አየር ባገኙ ጊዜ አልኮሉን ራሱን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ሌሎች አሉ። ስለዚህ ጠላ ውስጥ የሚሠራው አንድ ሠራተኛ ሳይሆን አንድ ሙሉ ደቦ ነው። የጠላ መልካም ጣዕም፥ ያ ደስ የሚያሰኘው ቀጭን ኮምጣጣነቱ ጭምር፥ የሚገኘው ከዚህ ደቦ ነው። ጉዳቱ ግን ደቦው «በቃ» የሚለው አለቃ የሌለው መሆኑ ነው። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

በአውሮፓ ልማድ ቢራ ሲጠመቅ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የብቅሉ ዱቄት በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች በዚህ ሙቀት የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጣፋጩ ውሃ ተጣርቶ፥ ሆፕ የሚባል መራራ የሐረግ አበባ ተጨምሮበት፥ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ለብቻው ያደገ እርሾ ይገባበታል። እሳቱ በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሚያኮመጥጡትን ረቂቃን ይገድላል፤ የብቅሉንም ኤንዛይሞች ያጠፋል። ሆፑም ከእሳቱ የተረፉትንና በኋላ የሚመጡትን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በምሬቱ ይከላከላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ የቢራ ብልሽት የሚመጣው ከእነዚህ ባዕዳን ተሕዋስያን መሆኑን ካስረዳ ወዲህ ጠማቂዎች የእርሾውን ንጽሕና እንደ ሕግ ይዘውታል።

እንግዲህ ጠላን በጠርሙስ ብናሽገው ምን ይሆናል? ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው መኮምጠጥ ነው። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አየር አይፈልጉም፤ ስለዚህ ቆርኪ አያግዳቸውም። አራት እጅ የማይሞላ አልኮልም አያሸንፋቸውም። ሁለተኛው ግን ከመኮምጠጥ የከፋ ነው፤ እርሱም ፍንዳታ ነው።

የፍንዳታውን ነገር በቁጥር ብናየው ይሻላል። እርሾ 100 ግራም ስኳር ሲበላ በስሌት 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ 4 ግራም ስኳር፥ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፥ ሳይፈላ ቢቀርና ከታሸገ በኋላ ቢፈላ አንድ ሊትር የሚያህል ጋዝ ይወጣል። ሻምፓኝ የሚባለውን የፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚሠሩ ሰዎች አረፋው እንዲበረታ በአንድ ሊትር 24 ግራም ያህል ስኳር ጨምረው ያሽጉታል፤ በጠርሙሱም ውስጥ ስድስት የአየር ግፊት ያህል ይፈጠራል። የሻምፓኝ ጠርሙስ እንደዚያ የወፈረውና የከበደው፥ ቡሹም በሽቦ የታሰረው ስለዚህ ነው። ተራው የቢራ ጠርሙስ ለዚህ ግፊት አልተሠራም። እንግዲህ በሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የቀረው መጠጥ በቢራ ጠርሙስ ታሽጎ አልጋ ሥር ቢቀመጥ፥ የተቀመጠው መጠጥ ሳይሆን ፈንጂ ነው። ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

ጠላ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። የብቅሉ ኤንዛይሞች በፈላ ውሃ ስላልጠፉ ከስታርቹ አዲስ ስኳር ማውጣታቸውን አያቆሙም። ጠላው ጸጥ ብሎ፥ ጠርቶ፥ «አለቀለት» ሊባል ይችላል፤ በውስጡ ግን ዱቄቱ ገና እየተፈጨ ነው። ጋን ይህን ሁሉ ይችላል፤ የጭቃው ምርጊት ጋዙ ሲበዛ ስንጥቅ ከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ጠርሙስ ግን ትንፋሽ የለውም። «ጠላ ታስሮ አይቀመጥም» ያለችው እናት እንግዲህ ያለ ምክንያት አልተናገረችም፤ ያልነገረችን ምክንያቱን ብቻ ነው። ጣፋጭ ጠጅም በዚሁ ሕግ ሥር ነው። ማሩ ሳያልቅ ተቀድቶ የታሸገ ጠጅ ከጠላ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ስኳሩ ብዙ ነውና።

ይህ የእናቲቱ ነጥብ ነው። የልጁም ነጥብ ግን ባዶ አይደለም። በጠርሙስ ከርሞ የሚሻሻል ቢራ በእውነት አለ። በእንግሊዝ አገር በርተን በምትባል ከተማ ባስ የተባለው ጠማቂ በ1869 እ.ኤ.አ. ራትክሊፍ የተባለ ብርቱ ቢራ ጠምቆ ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ከዚያው ቢራ ጠርሙሶች በምድር ቤት ተገኝተው ሲቀመሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተውም የሚጠጡ ሆነው ተገኝተዋል። በቤልጅግ አገር ያሉ የትራፒስት መነኰሳት ገዳማትም ከመቶ ከ9 እስከ 11 እጅ አልኮል ያለው ቢራ እያሸጉ ያወጣሉ፤ ጠጪዎችም ገዝተው በየቤታቸው ለዓመታት ያስቀምጡታል። ሆኖም ማንም ሰው ተራውን፥ ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለውን ቢራ ለልጁ ሠርግ ብሎ አያስቀምጥም። ቢያስቀምጠው ጣዕሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ብርቱው ቢራ ለምን ይከርማል? ምክንያቱ ሦስት ነው። 1ኛ፥ አልኮሉ ከመቶ 8 እጅና ከዚያ በላይ ሲሆን ከሚያበላሹት ረቂቃን ብዙዎቹ አይችሉትም። 2ኛ፥ ብዙ ብቅል ስለ ገባበት ወፍራም ነው፤ በጊዜ ብዛት የሚለወጥ ብዙ ነገር በውስጡ ይዟል። ቀላል ቢራ ሲያረጅ የሚጠፋው ጣዕሙ ሲሆን፥ ብርቱው ሲያረጅ ግን የአልኮሉ ማቃጠል ይለዝባል፥ ምሬቱ ይቀንሳል፥ መልኩ ይጠቁራል፥ ዘቢብና ተምር፥ ማርም የሚመስል ጣዕም ያወጣል። 3ኛ፥ በጠርሙሱ ሥር የቀረው ጥቂት እርሾ ሲታሸግ የገባውን አየር በልቶ ከመጠጡ ያርቀዋል። ከዚህ የምንረዳው፥ ዕድሜ ለሁሉም መጠጥ በረከት አለመሆኑን ነው። ለብርቱው ሞግዚት ነው፤ ለደካማው ግን ገዳይ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ብርቱ ጠመቃን በቤቱ ሠርቶ ማክረም የሚፈልግ ቢኖር መንገዱ የሚከተለው ነው።

ለ10 ሊትር መጠጥ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ጥሩ የገብስ ብቅል ያስፈልጋል። ብቅሉ ተከክቶ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ በሞቀ ውሃ አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ይጠለላል። የተጠለለው ከሆፕ ጋር፥ ሆፕ ከሌለ ከጌሾ ጋር፥ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በእኛ አገር ደጋ ማፍላቱን ከአንድ ሰዓት አሳልፎ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ማድረስ መልካም ነው። ከፈላ በኋላ መጠጡን የሚነካው ዕቃ ሁሉ፥ ማንኪያው ሳይቀር፥ በፈላ ውሃ የተነከረ መሆን አለበት። ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የቢራ እርሾ ይገባበታል። ዕቃው ይከደናል፤ ጋዙ እንዲወጣ አየርም እንዳይገባ ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ጫፉ በውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ይህ ቱቦ ከጋኑ ምርጊት ጋር አንድ ሥራ የሚሠራ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚህ ሥራ የሚቸኩል ሰው የሚለቅመው ስብርባሪ ነው። ብርቱ ቢራ ለመፍላት ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አረፋው መቆሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። እውነተኛው ምስክር የፈሳሹን ክብደት የሚለካው ሃይድሮሜትር ነው፤ በመጀመሪያ 1.085 ገደማ ያሳየው መለኪያ ወደ 1.020 አካባቢ ወርዶ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ ሲቆም መፍላቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ይህ መለኪያ የሌለው ሰው በጠርሙስ ባያሽግ ይሻለዋል።

ሲታሸግ ለጥቂት አረፋ ያህል በሊትር 5 ግራም ስኳር ይበቃል። ስኳሩ በየጠርሙሱ በማንኪያ አይጣልም፤ እጅ አይመጥንምና አንዱ ጠርሙስ ሁለት ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። በፈላ ውሃ ሟሙቶ ከጠቅላላው መጠጥ ጋር በቀስታ ይዋሐዳል። ጠርሙሱ ሳይሰነጠቅና ሳይሸራረፍ የቀረ፥ መልኩ ቡናማ የሆነ የቢራ ጠርሙስ ይሁን። በሆፕ የተጠመቀ ቢራ ብርሃን ሲነካው መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቡናማው መስታወት ይህን ያግዳል። ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዋል። ቆርኪው አዲስ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ቆርኪ ተመልሶ አይገጥምም። ከመስታወቶቹ ጋር አንድ የለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው መጠጥ ሞልቶ አብሮ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ፕላስቲኩን በየጊዜው በጣት ጫን ማለት ነው። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ በመስታወቶቹም ውስጥ ግፊቱ እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ሁሉንም ማስተንፈስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው የማኖር ነገር ነው። ጠርሙሱ ቆሞ ይቀመጣል እንጂ አይጋደምም፤ እንዲህ ሲሆን አተላው ከሥር ይረጋል፥ አየር የሚነካውም የመጠጡ ገጽ ጠባብ ይሆናል። መጀመሪያ ሁለትና ሦስት ሳምንት በቤት ሙቀት ይቆይና አረፋውን ይሥራ፤ ከዚያም ጨለማና ቀዝቃዛ ወደ ሆነ፥ ሙቀቱም ቶሎ ቶሎ ወደማይለዋወጥ ቦታ ይዛወር። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የእርጅናው ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በድሬዳዋ ወደ 25 ይደርሳል፤ ስለዚህ በድሬዳዋ ስድስት ወር የቆየ ጠርሙስ በአዲስ አበባ ዓመት ከቆየው ጋር እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእኛ ደጋ እንግዲህ ያለ ማቀዝቀዣ የተሠራ መልካም ጎተራ ነው። በየጠርሙሱ ላይ የታሸገበት ቀን ይጻፍ። በስድስተኛው ወር አንዱ ይከፈት፤ ከዚያም በየሦስት ወሩ አንዳንድ እየከፈቱ የተቀመሰውን በደብተር መመዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ከሌለ ምን እንደ ተሻለና ምን እንደ ከፋ በቃል ትዝታ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የከፈተውም ሰው ከተራው ቢራ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ብርታት ያለው መሆኑን አይርሳ፤ በጣሳ የሚጠጣ አይደለም።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንተ ያስተማርኸን ቢራ መጥመቅን ነው እንጂ ጠላ ማክረምን አይደለም» የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክል ነው። ከእሳቱ በኋላ የተገኘው መጠጥ ጠላ አይደለም። ጠላን ጠላ የሚያሰኘው ያ ብዙ ሠራተኛ ያለበት ደቦ ነው፤ ደቦው ከተበተነ ጣዕሙም ይሄዳል። በጠርሙስ ያለ ጠላን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ነክሮ ረቂቃኑን መግደል ይቻላል የሚሉም አሉ። ይህ በፋብሪካ ለቢራ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ጋዝ የያዘ ጠርሙስ ሲሞቅ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር በቤት ውስጥ የሚደፈር ሥራ አይደለም። ቢሳካም እንኳ መጠጡ ባለበት ይቆማል እንጂ ከርሞ አይሻሻልም።

ታዲያ ጠላ ሻጯ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ምን ታተርፋለች? ጠርሙስ ሳይሆን ሌላ ነገር ታተርፋለች። ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ረቂቃን አየር ካላገኙ አይሠሩም። በታሸገ ጋን ውስጥ ከመጠጡ በላይ የሚተኛው አየር ሳይሆን ከራሱ ከጠላው የወጣው ጋዝ ነው፤ እርሱም እንደ ክዳን ይጠብቀዋል። ጋኑ ተከፍቶ ጠዋትና ማታ በተቀዳ ቁጥር ግን ጋዙ ይወጣል፥ አየር ይተካል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጋን ከፍቶ ሳምንት ሙሉ ከመቅዳት ይልቅ ጠላውን ገና በጥንካሬው ሳለ በንጹሕ፥ በታጠኑ እንስራዎች እስከ አፍ ከፋፍሎ፥ ከድኖና መርጎ፥ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መክፈት ይሻላል። ድፍድፉንም በአንድ ጊዜ በጥብጦ ከመጨረስ ለሚሸጠው ያህል ብቻ መበጥበጥ ይረዳል። ይህ መጠጡን ለዓመት አያከርመውም፤ የሚኮመጥጠውን ግን ይቀንሳል። ለእርሷ ደግሞ ዓመት ሳይሆን ጥቂት ቀን ትርፍ ነው።

የክርክሩ ፍርድ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ልጁ ብርቱ መጠጥ በጠርሙስ ይከርማል ማለቱ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ክብሩን ለጠርሙሱ መስጠቱ ነው። እናቲቱ ጠላ ታስሮ አይቀመጥም ማለቷ እውነት ነው፤ የጎደላት ምክንያቱን የሚጽፍላት ሰው ብቻ ነው። በግራዋ ማጠብ፥ በወይራ ማጠን፥ በጭቃ መምረግ ማለት ረቂቃኑን በስም ሳያውቁ መዋጋት ማለት ነው። እኛ በክፍል ውስጥ ስማቸውን ተምረናል፤ ጋኑን ማጠን ግን አልተማርንም። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ጌሾው ስንት ቀን እንደሚጠነሰስ፥ ድፍድፉ በስንት ቀን እንደሚደርስ፥ የቱ ጋን ቶሎ እንደሚኮመጥጥና የቱ እንደሚቆይ ጠይቀን በደብተራችን ብንጽፍ፥ ለሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ጥሩ የቤት ሥራ ይዘንላቸው እንመጣለን። እነርሱም እስኪመረምሩልን ድረስ ሕጉ አጭር ነው፤ እንዲከርም የተጠመቀውን እናክርም፤ እንዲጠጣ የተጠመቀውን ግን ከወዳጅ ጋር በወቅቱ እንጠጣ።